ለዴሞንድ የተሮጠ ሩጫ

«ዘንድሮስ እንዴት ነን፣ እማማ ኧርሊን?» ይሉኛል ምግብ ቤቴ ምሳ ሊበሉ የገቡ ሁሉ። «ዓሣዬ እንዳያርርብኝ ዞር በሉ» እላቸዋለሁ። የሚጠይቁኝ ስለ ኳሱ ነው። የቤተል ክሪክ ኮሌጅን ቡድን ስደግፍ ነው ያረጀሁት። አላባማ ውስጥ ነሐሴ ከገባ ሌላ ወሬ የለም፤ ሰው ሞቶ እንኳ ለቀስተኛው የሚያወራው ስለ ቡድኑ ነው።

እኛ ጋ እግር ኳስ ማለት ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ በትከሻ የሚደቋቆሱበት ነው። የዘንድሮው ነገር ደግሞ ጠንቋይ አያስፈልገውም፤ ሁሉም በዴሞንድ ላይ የቆመ ነው። ዴሞንድ በር የሚያህል ልጅ ነው። ኳስ መንካት ሥራው አይደለም። ኳስ ወርዋሪያችን ፊት ቆሞ ሊደፉት የሚመጡትን መመለስ ነው ሥራው። አዲሱ ወርዋሪያችን ኮልቢ ገና አንደኛ ዓመት ነው። ክንዱ ጉድ ነው፣ ከማዶ ሆኖ ኳሷን የፈለገው ሰው እጅ ላይ ያስቀምጣታል፤ ሰውነቱ ግን ንፋስ የሚወስደው ዓይነት። ዴሞንድ ከፊቱ ካለ ዋንጫ እናያለን። ከሌለ ልጁን በቃሬዛ ነው የምናወጣው።

ዴሞንድ ደግሞ ኳሱን ሊተው ነው። አምና በመጨረሻው ጨዋታ አንዲት የሾለከች ኳስ እጁ ገባች። በዕድሜው አንዴ! ፊቱ ማንም አልነበረም፤ ነጥብ የሚቆጠርበት መስመር ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አመለጠችውና ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ከተማው አልማረውም። ነዳጅ ማደያ ሲገባ እንኳ «እጀ ሰባራው መጣ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የገዛ ወንድሜ ክሌተስ ነው፤ ምላሱን ይቁረጠውና!

ባለፈው ዴሞንድ ዓሣውን ሳይነካ ተቀምጦ፣ «እማማ፣ ልምምዱ ሲያልቅ አጎቴ እንጨት መሰንጠቂያ ሥራ ልገባ ነው። ለአሰልጣኙም ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ።

«መጀመሪያ ብላ» አልኩት። ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁለት።

የነሐሴው ልምምድ የሚዘጋው በቆየ ደንብ ነው። ኳስ መቺው ኳሷን ወደ ሰማይ ይጠልዛታል፤ ከፊት ከሚቆሙት ግዙፎች አንዱ ይቀልባታል። ከቀለባት ሩጫ የለም፣ ሐብሐብ ተበልቶ ይኬዳል። ካልቀለባት ቡድኑ ሁሉ ሜዳውን እየተመላለሰ ይሮጣል። ምቷ አንድ ናት። ሰው ልጁንና ወንበሩን ይዞ የሚመጣው ለዚህች ነው። ያን ቀን ሙቀቱ አናት ያፈላል። አሰልጣኝ ሆይት ወጣና «ዴሞንድ» ብሎ ጠራ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። «ሆይት! ልብ የለህም እንዴ አንተ? ሌላ ሰው ጠፋ?» ብዬ ጮህኩ። ይህን ሰው በልጅነቱ አብልቼዋለሁ፤ ዞር ብሎም አላየኝ።

ኳሷ ወጣች። ዴሞንድ ከሥሯ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ደረቱን መታችውና ሣሩ ላይ ወደቀች። አንድ ሰው ሳቀ። ዴሞንድ የራስ መከላከያውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠና እኔ ወዳለሁበት ወደ መውጫው በር መራመድ ጀመረ።

«አለቀልን» አለ ክሌተስ። «ዘንድሮንም ቅበሩት።»

ያኔ ኮልቢ ከሰልፉ ወጣ። «አሰልጣኝ፣ አንድ ምት ይጨመርልን።»

«ደንቡ አንድ ነው።»

«እንገዛታለን።»

«በምን?»

«በሩጫ። የቅጣቱን ከጨረስን በኋላ ሌላ ያን ያህል እንሮጣለን።»

ሆይት ልጁን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ፊሽካውን ነፋ።

ሮጡ። ያ ሁሉ ጎረምሳ በዚያ ሙቀት! አቧራው ተነሣ፣ ትንፋሻቸው እኔ ድረስ ይሰማል። ዴሞንድ በሩን እንደያዘ ቀረ። «ተዉ! ማን ለመናችሁ? ጅሎች!» እያለ ይጮሃል።

ኮልቢ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «አትረብሸን፤ ገበያ ላይ ነን» አለው።

ሲጨርሱ ግማሾቹ ተንበርክከዋል። ዴሞንድ ምን ያድርግ? ተመልሶ ቆመ። ኳሷ ወጣች፣ ወረደች፣ በጣቶቹ መካከል አለፈች። ወይ ፈጣሪዬ! ዓይኔን ሸፈንኩ። ስገልጥ ኮልቢ ጉልበቱን ተደግፎ፣ «ሌላ እንገዛለን» ይላል። አንድም ሰው አልተቃወመም። እየተጓተቱ ተሰለፉ።

በዚህኛው ዴሞንድም ገባ። የራስ መከላከያውን ከሣሩ አነሣና ከሁሉም ኋላ ሮጠ። መሮጥ ከተባለ፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ልጅ አስመለሰውና አፉን ጠርጎ ቀጠለ። ሌላው ሲወድቅ ሁለት ጓደኞቹ ብብቱን ይዘው አነሡት። ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል። ክሌተስን ዞሬ ሳየው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል፣ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ በዕድሜዬ ስንት ድል አይቻለሁ፣ ጎረቤት ተቃቅፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሰው ለሰው እንዲህ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛዋ ምት መጣች። መቺው ከሩጫው ብዛት እግሩ ከድቶታል። ኳሷ ከፍ ማለት አቅቷት ተጣምማ ከሜዳው ዳር ወዳሉት የውኃ በርሜሎች ሄደች። የማትያዝ ኳስ ናት፣ ቢተዋት ማን ይወቅሰዋል? ዴሞንድ ግን ሮጠ። ያ በር የሚያህል ሰውነት ዘለለ! አየር ላይ ተንጋሎ አየሁት፤ ከዚያ በርሜሉ ተገለበጠ፣ ውኃው ተረጨ።

ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ኳሷን በሁለት ክንዱ አቅፏታል። ኮልቢ እየተደናቀፈ ደረሰና አጠገቡ ተደፋ። ሌሎቹም መጥተው ከበቧቸው፤ ለመጮህ እንኳ አቅም ያለው አልነበረም።

ዴሞንድ ልጁን በማሊያው አንገት ይዞ ወደ ራሱ ጎተተው።

«ስማ፣ አንተ ሸንበቆ» አለው። «እኔ ፊትህ እያለሁ ዘንድሮ ልብስህ አይቆሽሽም።»

ኮልቢ መልስ ሊሰጠው አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ስለሌለው ራሱን ብቻ ነቅንቆ እሺ አለው።