ስድስተኛው ፊልም

እና ለምን ኬክ ያመጣልኛል፣ በስምንት ወር ውስጥ ደህና አደርሽ ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ ቦሪዬ፣ የዋልነት ነው፣ ብዪ እንጂ፣ ይለኛል እቶኑን የሚጠብቀው ቲቫዳር፣ አልበላም፣ ወረቀቱን ሳልፈታ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ አሁን እኮ ነው ለአለቃችን ለፕሮፌሰር ሌንድቫይ፣ ልጅቷ ፊልሙን ምድጃ አጠገብ አድርቃው ተኮማትሯል፣ ያለው፣ በሩ ክፍት ነበር፣ እንድሰማ ብሎ ነው ወይስ ከሰው ስላልቆጠረኝ።

ተኮማትሯል። ምድጃ አጠገብ ሰቅዬው ይሆን እንዴ? አይ፣ መስኮቱ ጋ ነው፣ ጣቶቼ በርደውኝ ነበር።

ስራዬ ፊልም ማጠብና መስመር መለካት ነው፣ ብር ውስጥ መዳብ ሲሟሟ ራጁ ፊልሙ ላይ የሚያወጣቸው መስመሮች ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ መዳቡ በጨመረ ቁጥር ትንሽ፣ ትንሽ፣ ብሩ በቃኝ እስኪል፣ ስድስተኛው ናሙና ላይ ግን ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ፕሮፌሰሩም ጥፋቱ የልጅቷ ከሆነ ሌላ ልጅ እንፈልጋለን አሉ፣ እናቴ ደጅ ጠንታ ያስገባችኝ ስራ፣ ትምህርቷ ትንሽ ነው፣ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም ብላ።

ፊልሙን መብራት ያለበት መስታወት ላይ አነጥፈዋለሁ። ቆይ። ይቺ ምንድን ናት፣ ከወፍራሙ መስመር አለፍ ብላ፣ ፀጉር የመሰለች፣ ጭረት? አይደለችም፣ በወዲያኛውም ጎን አለች፣ በእኩል ርቀት፣ የንጹህ መዳብ ፊልም አመጣለሁ፣ ጎን ለጎን፣ ልክ እዚያው ናት፣ የመዳብ መስመር፣ ሰባተኛው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ መዳብ አለበት፣ እሱ ላይ የለችም።

ፊልም ሲኮማተር አዲስ መስመር ከየት ያመጣል።

መዳቡ ከብሩ ወጥቷል፣ የሚወጣው ደግሞ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ለዚህ እኮ ነው ብርና መዳቡ ያለበት ቱቦ ከእቶኑ እንደወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚጣለው፣ ስድስተኛው መቼ ወጣ፣ ሮብ፣ ሮብ የቲቫዳር የስሙ ቀን፣ እንደ ልደት የሚከበርለት፣ ሁሉም ታች ፓሊንካ የሚሉትን አረቄ ይዘው እየዘፈኑ፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ባልዲ የምሞላው እኔ ነኝ፣ ሮብ ማን ጠራኝ? ማንም።

ብናገርስ ማን ያምነኛል።

ፕሮፌሰሩ ይገባሉ፣ ቲቫዳር ከኋላቸው፣ እህሳ ቦሪዬ፣ ጣፈጠሽ? ይላል፣ ጣቴን ቀጭኗ መስመር ላይ አደርጋለሁ፣ ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ይላሉ፣ መዳብ፣ ይላሉ ለራሳቸው፣ ከዚያ ቀና ብለው፣ ሮብ ቱቦውን ወዲያው ውሃ ውስጥ ጥለኸዋል አይደል? ወዲያው ነዋ ፕሮፌሰር፣ ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ኬኩ ለምን እንደመጣ አሁን ገባኝ፣ መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ እንደታሸገ ፊቱ አስቀምጠዋለሁ፣ ባልዲው ሮብ ደረቅ ነበር፣ ይላል አንድ ቀጭን ድምፅ፣ የማን ነው፣ የኔ ነው።