የቀጭኑ ሰው ደም

ባሌ አክመል ወፍራም ሰው ይንቃል። ሰበታ ካለው የግንባታ ዕቃ ሱቃችን ሆዱ የገፋ ደንበኛ በወጣ ቁጥር «ይሄ ሬሳ ነው፣ እየሄደ ነው እንጂ» ይለኛል። ወፍራሙን ወንድሜን ዲኖን ደግሞ መቀመጫ መቆሚያ ያሳጣው ነበር።

አምና ዲኖ ኮሌስትሮሉን ሊመረመር ሲነሳ አክመል አብሬ ካልሄድኩ አለ። ሊስቅበት ነው። ክሊኒኩ ሲደርስም የራሱን ክንድ ዘረጋ፤ «የጤነኛ ደም ምን እንደሚመስል ይዩ» ብሎ።

ውጤቱን የነገረን ሶያማ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። የዲኖ ደህና ሆነ። የአክመል ኤልዲኤል ግን፣ የደም ሥር ውስጥ እየተለጠፈ መንገዱን የሚያጠበው የስብ ዓይነት፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ደርሷል። ከመቶ ሠላሳ ማለፍ አልነበረበትም።

«ብልቃጥ አቀያይረህ ነው» አለ አክመል። «ስልሳ ኪሎ እንኳ አልሞላም!»

«ኦቦ አክመል፣ ይሄን ሚዛን አያሳይም። ጉበትዎ ራሱ ያመርተዋል። ስለማያምም ደግሞ ያለ ምርመራ አይታወቅም። ከቤተሰብ በልብ የሞተ ሰው አለ?»

«የለም።»

ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ። አባቱ በአርባ አራት ዓመታቸው መስጊድ ደጃፍ ጫማቸውን ሲያወልቁ ወድቀው ነው የቀሩት። ተናገርኩ።

«ሬሐና፣ አንቺ ዝም በይ!»

«እንግዲያው በዘር የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ልጆችም ይመርመሩ» አለ ሶያማ።

አክመል የመድኃኒት ማዘዣውን እዚያው በሩ ላይ ቀደደው። «ትናንት ተመርቆ ዛሬ እኔን ያስፈራራል!» አለ። ሰው ንቄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ባሌን ናቅሁት።

በማግስቱ ሳላማክረው ልጃችንን አሪጅን ይዣት ሄድኩ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ መቀነት የምታህል ልጅ። የሷም ሁለት መቶ አሥር ሆነ። ሶያማ አዲስ አበባ ወዳለ የልብ ስፔሻሊስት ጻፈልን። የውጤቷን ወረቀት አክመል ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄ የልጄ ውጤት ነው?»

«የልጅህ ነው። እሷም ብልቃጥ ተቀያይሮባት ይሆን?»

ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ብቻውን ክሊኒክ ሄደ፤ ማዘዣውን እንደገና አስጽፎ መጣ።

ዛሬ ሁለቱም ኪኒን ይወስዳሉ። በሦስተኛው ወር የሱ ወደ መቶ አሥራ ሁለት ወርዷል፣ የሷም እየቀነሰ ነው። ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም፤ ለሐኪሙም፣ ለዲኖም፣ ለኔም። እኔም አልጠበቅሁም።