ጋሼ ዋለ የሰቀሉት ክራር

«ትርሲት ለጥገና የከፈተችው አምፕሊፋየር ያጓራል» እየተባልኩ ነው፣ ከተማችን ወገዳ ላይ። ወሬውን የሚነዙት ክራር ተጫዋቹ ጋሼ ዋለ ናቸው። ጥገናን ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ፤ ከዚህ በፊት ሰው ምላሴን እንጂ እጄን አምቶት አያውቅም። አምፕሊፋየራቸው እኔ ሱቅ ጸጥ ይላል፤ ጠላ ቤታቸው ሲገባ ያጓራል።

«ጋሼ፣ መብራት የሚስቡት ከየት ነው?»

«ከመንግሥት ነዋ! አምፕሊፋየሩንም ብርድ እንዳይመታው ጋቢ አልብሼዋለሁ።»

«ኧረ ታፍኖ ይቃጠላል! ልምጣና መስመሩን ልየው።»

«ቤቴ ድርሽ እንዳትይ! ያበላሸው እጅሽ ነው።»

የአምፕሊፋየሩ ጩኸት ጠጪውን አባረረ። ጋሼ ክራራቸውን ሰቀሉ፤ አንድም ዘፈን ሳይጫወቱ ከርመው በጥር ሞቱ።

ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለሰው እንዳትተነፍሺ ብሎኝ ነው እንጂ፣ መብራቱን በድብቅ የጠለፍነው ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው ሲነሳ አምፕሊፋየሩ ያጓራል፤ ሲቆም ዝም ይላል።»