በወንድሟ ስም የተመታው ፓን

ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ታንቲ ኢስሜይ፣ በመጋቢት ሞተች። በሰኔ የመጀመሪያ እሁድ፣ የሙዚቃ ባንዳችን የሙታኑን ስም በሚጠራበት ቀን፣ የእርሷ ስም ከመቺዎቹ ጋር እንደማይጠራ የሰማሁት ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር።

የባንዱ መሪ፣ ካፒቴኑ፣ በልምምድ ቦታችን በፓን ግቢው መካከል ቆሞ ስም ይጠራል፤ ሟቹ ይቆምበት በነበረው ረድፍ፣ ዜማ በሚመሩት ቴነሮች፣ በመካከለኞቹ ወይም በጎርናና ድምፆቹ ቤሶች፣ ያሉት ደግሞ እርሱ የሚታወቅበትን አንድ ሐረግ ከዘይት በርሜል በተሠራ ፓናቸው ይመታሉ። ንግግር የለም፤ ጸሎትም የለም። በሠፈራችን በላቬንቲል ኮረብታ ሰው ከሞተ በኋላ የሚኖረው በዚያች አጭር ዜማ ነው። ሐረግ የሌለው ሟች ግን በመጨረሻ፣ ከምግብ አብሳዮቹና ከጋሪ ገፊዎቹ ጋር፣ በአንድ «እናመሰግናለን» ይታለፋል።

«ኢስሜይን ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር አድርጌያታለሁ» አለኝ ካፒቴን ሴልዊን፣ መዝገቡን እየገለጠ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሸሚዛችንን ሰፍታለች። ቀላል ነገር እኮ አይደለም፣ ጄማ።»

«የሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረቱን ውድድር ቴነር ላይ የመታችው እሷ ናት።»

«መዝገቡ ከዝበርት ነው የሚለው።»

«የወንድሟን ሸሚዝ ለብሳ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ነዋ የገባችው! ያኔ ፓን ግቢ ብትታይ አባቷ እግሯን ይሰብራት ነበር። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው። ደግሞ አጎትሽ አለልሽ አይደል? ሂጂና ራሱን ጠይቂው!»

ጠየቅሁት። አጎቴ ከዝበርት ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። እንደ ልማዱ ከመጠጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሃምሳ ሰባቱን ድል ሲተርክ ሩም ያልጋበዘው የሠፈሩ ሰው የለም።

«የሞተን ሰው አትቀስቅሺ» አለኝ። «እሷ ራሷ ሰው ፊት አንድ ቀን ትንፍሽ ብላለች?»

አላለችም። ይሁን እንጂ ዝም ማለትና መስማማት አንድ አይደሉም። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ የብስኩት ቆርቆሮ ገልብጣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድሉ የተገኘባትን ሐረግ በሁለት አጫጭር እንጨቶች እየመታች ስታስተምረኝ፣ «ይቺ የኔ ናት» ብላኛለች። ሐረጓ የምትጀምረው በግራ እጅ ነው። በባንዳችን ያለ ቴነር መቺ ሁሉ፣ ቀኝ እጁ የሚቀለው እንኳ፣ በግራ ይጀምራታል፤ «የከዝበርት እጅ» እንላታለን። ለምን በግራ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ታንቲ ግራኝ ነበረች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው ሞላ። አጎቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ካፒቴኑ ስም ጠራ፤ ቤሶቹ መለሱ። ሌላ ጠራ፤ መካከለኞቹ መለሱ። ሰባት ስም እንዲህ አለፈ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ፣ «በመጨረሻም፣ ሸሚዛችንን ትሰፋልን የነበረችውን ኢስሜይ ፕሮስፐርን...» ሲል፣ ከቴነሮቹ ረድፍ እጄን አነሣሁ። በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ካፒቴን፣ ከማመስገንዎ በፊት፣ አጎቴ የሃምሳ ሰባቷን ሐረግ ይምቱልን።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ሽማግሌውን ላከብር የፈለግሁ መስሎታል።

«ኧረ ተዉኝ፣ ጉልበቴ...» እያለ በግፊት ተነሣ። መምቻዎቼን ሰጠሁት። ቀኝ እጁን አስቀደመ። አንድ ድምፅ አገኘ፤ ሁለተኛውን ሲፈልግ እጁ በፓኑ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

«ይሄ ፓን አዲስ ነው» አለ። «የድሮው እንዲህ አልነበረም።»

«በርሜሉማ ያው በርሜል ነው፣ አጎቴ!» አለ ቤስ መቺው ቦይሲ። «እጅዎን ነው የጣሉት፤ መጠጥ ቤት ውስጥ ይፈለግ!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እኔ አልሳቅሁም። ያሳፈርሁት ያሳደገችኝን ሴት ወንድም ነውና ለእያንዳንዱ ቃል መጠንቀቅ ነበረብኝ።

«በግራ ነው የሚጀመረው፣ አጎቴ። ሁላችንም በእርስዎ እጅ ነው የምንመታው ስንል ኖርን። እርስዎ ግን ግራኝ አይደሉም። ግራኟ ታንቲ ነበረች።»

ሳቁ ተቋረጠ።

«ስሜን ባላውሳት በድንጋይ ያባርሯት ነበር!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ የከለልኳት! እኔ!»

«ከልለዋታል፤ እግዜር ይስጥልን። ከለላው የሚያስፈልጋት ግን ለአንድ ቀን ነበር። እርስዎ ስልሳ ዓመት ኖሩበት።»

መምቻዎቹን ከፓኑ ጠርዝ አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

«ጄማ» አለ ካፒቴኑ፣ መዝገቡን ከፍ አድርጎ፤ «እዚህ ላይ የሌለ አይጠራም። አሁን ወደ ቦታሽ!»

«ቦታዬ ላይ ነኝ።»

ስም መጥራት የካፒቴን ሥራ ነው፤ ባንዱ ከተመሠረተ ጀምሮ ሌላ ሰው ጠርቶ አያውቅም። መምቻዎቹን አነሣሁ።

«ኢስሜይ ፕሮስፐር፣ ቴነር!» ብዬ ጠራሁ።

በግራ ጀመርሁ። ብቻዬን ስመታት ሐረጓ ቀጭን ነበረች፤ ድምፄ የሚደርሰው እስከ አጥሩ ብቻ መሰለኝ። አጠገቤ ያለችው ተከተለችኝ፤ ቀጥሎም ረድፉ በሙሉ። በሐረጓ ውስጥ ድርሻ የሌላቸው ቤሶች እንኳ፣ ቦይሲ እየመራቸው፣ ከሥር የራሳቸውን ፈጠሩላት።

ካፒቴኑ መዳፉን ዘርግቶ እጁን አነሣ። አቁሙ ማለቱ ነው። በዚህ ግቢ ያደገ ሰው ያችን እጅ ሲያይ መምቻው አየር ላይ ይቀራል። አየኋት፤ ሁላችንም አየናት።

ሐረጓ አለቀች። እንደገና ከመጀመሪያው፣ በግራ እጅ፣ ጀመርናት።