ከፊልሙ ጋር የተጣላችው ሴት

ይህ ነገር ከአናቱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ሐሰት ካለበት ከዲላ እስከ ቡሌ የተተከለ እንሰት ሁሉ ሥሩን ነቅሎ እኔን ያሳድደኝ! የሰማኝ ሁሉ «አንተ ደግሞ ጀመረህ» ይለኛል፤ ይበለኝ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ፣ ያየሁትም እኔ ነኝ።

«ቶሎ በል እንጂ ገሪማ! ቆጮዬን ገበያ ላይ ለሰው አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች አልጣሽ፣ የመጋዘኑን የመጨረሻ መስኮት በጆንያ እየደፈነች። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ ስድሳ ዓመተ ምሕረት። ገሪማ ፊልም አሳዪ ነው። ማሽኑንና ሞተሩን በላንድሮቨር ጭኖ ከአስመራ እስከ ሞያሌ ይዞራል። ዲላ ሲደርስ ባዶ የቡና መጋዘን ይከራያል፣ አቡጀዲ ይወጥራል፣ ሰውን በስሙኒ ያስገባል። ትኬት የምቀበለው እኔ ነኝ።

ታዲያ ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው አይቶ አስተያየቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ያ ሰው የአልጣሽ ባል፣ ጸሐፊው ከፈለኝ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ብዕር ይዞ ያረጀ፣ ጡረታው ሊሞላለት ሁለት ዓመት የቀረው። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ችግሩ አንድ ነው፤ አያይም።

ሞራ ነው፤ ሁለቱንም ዓይኑን ሸፍኖታል። ይርጋለም ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ቢታይ «ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ና» አሉት። እኛ ዲላዎች ቡና ሲበስል እናውቃለን፤ ዓይን ሲበስል በምን ይታወቃል? ሲጽፍ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ይተክላል፤ መሥሪያ ቤቱ ትጋት ይመስለዋል። ግድግዳ የሚያህለው አቡጀዲ ግን ለእሱ የፈሰሰ ወተት ነው። ይህን ቢያውቁበት ያሰናብቱታል፤ ከዚያ ጡረታም የለ፣ ከጡረታው ጋር የሚሰጠው መሬትም የለ። አልጣሽ ቆጮ ሸጣ የምታገኘው ከጨውና ከላምባ አያልፍም።

ስለዚህ «ለሴቶች ተስማሚ መሆኑን የምትመረምር ሴት ታስፈልጋለች» ብሎ አስፈቅዶ አጠገቡ ያስቀምጣታል። እሷ በጆሮው ታንሾካሹካለች፤ እሱ ያንን በመንግሥት አማርኛ አስተካክሎ ይጽፋል፤ እኔ በሩ ላይ እለጥፋለሁ። አልጣሽ የቡሌ ልጅ ናት። እንሰት ስትፍቅ፣ ዳገት በሸክም ስትወጣ ያደገች ሴት በፊልም አትታለልም። ስለ ካውቦዩ ፊልም የተለጠፈው እንዲህ ይል ነበር፦ «ፈረሶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጋልቡ ውኃ ያጠጣቸው ሰው ባለመኖሩ፣ ፊልሙ ለባለ ከብት መጥፎ አርአያ ነው።» ስለ ህንዱ፦ «ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች በኋላ ልብስ ትቀይራለች፤ ከዚያ ትዘፍናለች። ሐዘኑ መልካም ሆኖ ሳለ ልብሱ በዝቷል።» ስለ ጦርነቱ፦ «ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ስለ ለበሱ ለየትኛው ማዘን እንደሚገባ ለመለየት አልተቻለም።» የጣልያን የፍቅር ፊልም መጥቶ ደግሞ፦ «ወንዱና ሴቲቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነጋገራሉ። ሥራ ያላቸው አይመስልም።»

ሰው መጀመሪያ እሱን ያነባል፣ ስሙኒውን የሚያወጣው ከዚያ ነው። የይርጋጨፌ ነጋዴዎች ከአውቶቡስ ወርደው አንብበው፣ ፊልሙን ሳያዩ ተመልሰው ይሳፈሩ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ገሪማ በሽታው ይነሳበታል።

የዚያን ቀን ባልና ሚስቱ ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። ከፈለኝ ወንበሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል፤ ቢገልጠውም ያው ነው። እሷ ከንጋት ጀምራ ቆማ ስለዋለች እግሯን እያሸች ነበር።

«ስንት ቀረ?» አለችው።

«ሁለት ዓመት።»

«ፊልሙ እስኪጀመር ነው የጠየቅኩህ።»

«እንጃ፤ እሱም ሁለት ዓመት ይመስለኛል።»

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ብከፍት የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ወልዱ፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬ እኔም ልይ» አሉ። «ከፈለኝ፣ ያንተ አስተያየት እኮ አገር አዳረሰ! አጠገብህ ሆኜ ትንሽ ልማር።» ይህን ብለው በባልና ሚስቱ መካከል ባዶውን ወንበር ስበው ቁጭ።

አልጣሽ በሹሙ ጀርባ አንገቷን ብታሰግ የባሏ ጆሮ ሩቅ ነው። ሞተሩ ተነሳ፣ ማሽኑ ተንኳኳ፣ ሥዕሉ መጣ። ድምፁ ግን አልመጣም። ገሪማ ማሽኑን በጥፊ መታው፣ ለመነው፣ በትግርኛ ሰደበው፤ ወይ ፍንክች።

«ድምፁ እምቢ አለ ጌታዬ። ለሌላ ቀን እናድርገው?»

«ምን አስቸኮለህ? ሥዕሉ አለ፤ እኛም ዓይን አለን።»

ከፈለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። በሌላ ጊዜ ሚስቱ ባትኖር እንኳ ጥይት ሲተኮስ ወይም ሴት ስትጮህ ሰምቶ ይገምት ነበር። አሁን የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚሰማው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወተቱን ያያል።

«ይሄን ሰውዬ እንዴት አየኸው?» አሉ አቶ ወልዱ።

«ገና ነው ጌታዬ። በሰው ላይ ቶሎ አይፈረድም።»

«ገና ነው? ሣጥን እየሰበረ?»

«ማለቴ... ሣጥኑ የራሱ እንደሆነስ ብዬ ነው።»

አቶ ወልዱ ዞር ብለው ፊቱን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ያን ጊዜ ነው አልጣሽ ከወንበሯ ዘላ የተነሳችው።

«አንተ!» ብላ ጮኸች፣ ጣቷን ወደ አቡጀዲው ቀስራ። «አንተ ባለ ባርኔጣ! የአሮጊቷን ሣጥን ሰብረህ ቀለበቷን ካልሲህ ውስጥ ትደብቃለህ? አታፍርም? ኧረ ነቃች! እማማ፣ ተመልሰሽ ተኚ፣ ይሄ ሰው ይገድልሻል!»

አቶ ወልዱ ደነገጡ። ቀጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሴትዮ፣ ሥዕል እኮ ነው! አይሰማሽም!»

«ባይሰማስ፣ ሌባ እያየሁ ዝም ልበል? ይኸው በመስኮት ወጣ! ኧረ ያዙት! ባቡር ላይ ተንጠለጠለ! አንተ ዘበኛ፣ ከኋላህ ነው! ከኋላህ ነው ያለው ስልህ!»

ገሪማ ማሽኑን ተደግፎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እንዲያውም ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ቆይቶ ግን ነገሩ ገባኝ። ይህች ሴት እኮ ሃምሳ ፊልም እንደ ዳኛ በርጋታ ያየች ሴት ናት። አቡጀዲ ጆሮ እንደሌለው ከሁላችንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። የምትጮኸው ለሌባው ሳይሆን ከሹሙ ወዲያ ለተቀመጠው ጆሮ ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸች። ባለ ባርኔጣውን ረገመች፣ ዘበኛውን መከረች፣ ለአሮጊቷ አለቀሰች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ እሷ ግን አላቆመችም። ከፈለኝም መሐል መሐል ላይ «በባቡር ማምለጡ አሳስቦኛል ጌታዬ» ይል ጀመር። ሹሙም «አሁን ገና ነቃህ!» ይሉታል። ሹሙ በሳቁ ቁጥር ግን ከፈለኝ ወንበሩ ላይ ይኮማተር ነበር።

ፊልሙ አለቀ። ጆንያዎቹን ከመስኮቱ አወረድኩ። አቶ ወልዱ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ተነሱ።

«ከፈለኝ፣ ይህችን ከየት ጫካ ነው ያመጣሃት? ገሪማ፣ ከፊልሙ በፊት እሷን አስጩህልን፤ ስሙኒው ሽልንግ ይሆንልሃል!» ወደ እሷም ዞሩ። «አይዞሽ እሜቴ፣ ሰውየው አቡጀዲው ውስጥ ነው። ቤትሽ አይመጣም።»

«እሺ ጌታዬ» አለች አልጣሽ፣ በጎረነነ ድምፅ፣ አንገቷን ደፍታ።

ከፈለኝ የፊልም ሣጥን እንደ ጠረጴዛ አድርጎ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ተከለ። ሁለት መስመር ጻፈ። ከዚያ ቀና አለና ሁላችን እየሰማን፦

«አልጣሽ፣ ሌባው መጨረሻ ላይ ተያዘ?»

አልጣሽ እግሩን ረገጠችው። «አብረን አይተን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«እኔ አላየሁም።»

«ከፈለኝ!»

«ደከመኝ፣ አልጣሽ።» ወደ ሹሙ ድምፅ ዞረ። «ጌታዬ፣ ሞራ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። እዚህ መጋዘን ውስጥ አንድም ፊልም አላየሁም። በሩ ላይ የሚለጠፈው ሁሉ የእሷ ነው።»

አቶ ወልዱ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «የፈረሶቹም?»

«የፈረሶቹም።»

«ልብሱ በዝቷል የሚለውስ?»

«እሱም የእሷ ነው ጌታዬ። የእኔ ‹ሆኖ ሳለ› የሚለው ብቻ ነው።»

ሹሙ አልጣሽን አዩ። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ። «እንደ ወትሮው ጽፈህ ፈርም። ሁለት ዓመት ምን አላት? ወረቀቱ አንዴ በሌላ ሰው ስም ከመጣልኝ ግን መዝገብ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም አላድንህም።»

«ስማቸው» አለች አልጣሽ። «ስለ ፈጠረህ፣ የአለቃህን ቃል ስማ።»

ከፈለኝ ብዕሩን ያዘ። «ሌባው ተያዘ ወይ?» አላት እንደገና።

«ተይዟል» አለች በሹክሹክታ። «ቀለበቱን ግን ለአሮጊቷ የመለሰላት የለም።»

እሱን ጻፈው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ፊልሙን ያየው ሰው ስምና ፊርማ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ፣ ፊደሎቹን አሳምሮ «ወይዘሮ አልጣሽ ይርጋ» ብሎ ጻፈ። የማኅተሙን ቀለም ከኪሱ አወጣ፣ በዳበሳ እጇን ፈልጎ ያዘ፣ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ከስሟ ጎን አሳረፈው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«ያየ ይፈርም» አላት።

አልጣሽ በዚያ በጎረነነ ድምፅዋ ሳቀች። አቶ ወልዱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፤ ከነገርኳችሁ ውስጥ የእኔ ፈጠራ እሱ ብቻ ነው። አልጣሽ አልሳቀችም። አውራ ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች «አሁን ምን ልንበላ ነው?» ነው ያለችው።