በሞቴ የማይባልበት አገር

«እዚያ አገር ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው?»

ምስጋኑ ይህን ሲጠይቀኝ ከቅዳሜ ገበያ በላይ ባለችው የኪራይ ክፍሌ በር ላይ ተቀምጠን ነበር፤ አዲሱን ፓስፖርቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመዳፉ ያሻሸዋል። እኔ ኖርዌይ ውስጥ በርገን በምትባል ከተማ ተምሬ፣ ጥቂት ሠርቼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ላሊበላ ውስጥ ውጭ አገር መኖር ያሰበ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የልደት ካርዱ የት እንደሚተረጎም፣ የትኛው ማኅተም በውጭ ጉዳይ መረጋገጥ እንዳለበት፣ ከኤምባሲው በፊት የትኛው ምርመራ እንደሚቀድም እነግራቸዋለሁ። ይህኛው ጥያቄ ግን ከወረቀት ውጭ ነበር።

ብርዱ ነው አልኩት። ብርድማ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይም አለ አለኝ። እንግዲያው ጨለማው ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ብቅ ትልና ሰው ሳያያት ትመለሳለች አልኩት።

«እንዳንተ ተመላሽ ናት በለኛ» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ቃሉ ከደረቴ አልወረደም። ሰው ለምን ተመለስህ ሲለኝ ለአገሬ ብዬ ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ራሴም አምነዋለሁ። እውነቱ ሥራዬ አለቀ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ አብሮት አለቀ። ተመለስሁ የምል ሰው ነኝ ወይስ ተመለሰ የሚባል ዕቃ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ምስጋኑና እኔ ፊደል የቆጠርነው አንድ ቄስ ዘንድ ነው። እኔ በትምህርት ወጣሁ፤ እሱ ቀርቶ አስጎብኚ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ እንግዳ ሲጠፋና ሆቴሎቹ ጭር ሲሉ፣ እሱ በስልኩ ሲፈልግ ሲፈልግ አሮጌ የእንጨትና የድንጋይ ሕንፃ መጠገን የሚያስተምር የአንድ ዓመት ትምህርት ቤት አገኘ። ተቀበሉት፤ ክፍያውንም ሸፈኑለት። ትምህርት ቤቱ የት ይሁን? በርገን። ዓለም ሰፊ ናት ይባላል፤ ለእኔ ግን ያን ቀን ጠበበችብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር። ትምህርት ቤቱ ማደሪያ የለውም፤ ኤምባሲው ደግሞ የት እንደሚኖር የሚያረጋግጥ፣ ባለቤቱ የፈረመበት ወረቀት ይጠይቃል። ከመጋቢት በፊት ክፍል ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። በርገን ውስጥ ለባዕድ ሰው፣ ያውም ገና ላልደረሰ ሰው፣ ክፍል ማግኘት ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የምስጋኑ ተስፋ አንድ ክፍል ላይ ብቻ ተንጠለጠለ። ያ ክፍል የእኔ ነበር።

ባለቤቷ ማርግሬት ትባላለች፤ በጡረታ ያለች አስተማሪ ናት። ከቤቷ ፎቅ ላይ፣ ወደቡን የሚያሳይ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ የተማሪነት ዘመኔን በሙሉ ኖሬያለሁ። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፣ ነገሩ ረገብ ባለበት አንድ ዓመት፣ ለገና ልትጠይቀኝ መጣች። አብያተ ክርስቲያናቱን እኔው ላስጎበኛት አስቤ ነበር፤ ግን የማውቀው ስማቸውንና አንዳንድ ታሪካቸውን ብቻ ነው። ምስጋኑን ለመንሁት። ማርግሬትን ጉልበቷን ያማታል። በዋሻው መተላለፊያ ውስጥ ትከሻውን አስደግፎ፣ በየደረጃው እያሳረፈ፣ እያሳቀ ወሰዳት። በየደጁ ጫማ ይወልቃል። እነሱ ገብተው ሲወጡ ጫማዋን ይዤ ከኋላ የምከተለው እኔ ነበርሁ። በቤቷ ስኖር እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ለካ ከዚያ ወዲህ ይጻጻፋሉ። ይህን ያወቅሁት ምስጋኑ በጨዋታ መካከል «እማማ ማርግሬት ጉልበታቸውን ሊታከሙ ነው» ሲለኝ ነው። እኔ እዚያ አገር እንደ ሁሉም ሰው በስሟ ብቻ እጠራታለሁ። ለእሱ እማማ ሆናለች። ጉልበቷንም ከእሱ አፍ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔም እመልሳለሁ። ውሸት አንድም አልነገርሁትም። እውነቱን ግን ሁልጊዜ ከጨለማው በኩል እጀምርለታለሁ። ዝናቡ ሳያቋርጥ እንደሚዘንብ፣ ጥላ ነፋሱ ስለሚገለብጠው ዋጋ እንደሌለው፣ የዝናብ ልብስና ውኃ የማያስገባ ጫማ እዚያው መግዛት እንደሚሻል ነገርሁት። ቆሻሻ በየዓይነቱ ተለይቶ እንደሚጣል፣ ጎረቤት ቤት ሳይደውሉ እንደማይኬድ፣ ሐኪም ዘንድ በቀጠሮ እንጂ በሕመም እንደማይገባ ነገርሁት። የቅመም ሽታ የማይወዱ አከራዮች አሉ አልኩት። ማርግሬት እሑድ እሑድ ሽሮ ሥራልኝ እያለች ታስቸግረኝ እንደነበር ግን አላነሳሁም። አንድ ቀን «መስኮቴ በስተየት በኩል ይሆን የሚከፈተው?» አለኝ። መስኮቴ! ወደ ውጭ ነው አልኩት፤ ብዙ ጊዜ ግን አይከፈትም።

እናቱ እትዬ ሣራም አንድ ቀን መጡ። ፍላቂት ካሉ ዘመዶቻቸው የገብስ በሶ አስመጥተው፣ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተው፣ እንዴት እንደሚታሰር ሊጠይቁኝ ነው። ዱቄቱ በጥሩ ላስቲክ ታሽጎ ምንነቱ ይጻፍበት፤ ቅቤና ቋንጣ ግን ጉምሩክ ይወስደዋልና ይቅር አልኋቸው። ቅቤው ሲቀር ፊታቸው ጠቆረ። ጾሙን እንዴት እንደሚይዝ ጠየቁኝ፤ ምስርም ዘይትም ሞልቷል፣ ችግሩ መያዙ ሳይሆን ማስረዳቱ ነው አልኋቸው። ሲወጡ ትከሻዬን ስመው መንገዱን የጠረግህለት አንተ ነህ ብለው መረቁኝ። አሜን አልሁ። መጥረጊያ የያዝሁ መሰለኝ።

ምስጋኑ በርገን ትምህርት ማግኘቱን ለማርግሬት ጻፈላት፤ ስለ ክፍሉ ግን አላነሳም። እሷም በኮምፒዩተር ፊት ለፊት እየተያየን እናውራ ብላ ቀን ቀጠረች። የምስጋኑ ስልክ ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ስለነበር የእኔን ኮምፒዩተር መጠቀም ግድ ሆነ። ከሰዓት በኋላ፣ መብራትም ኔትወርክም ባለበት ሰዓት፣ ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶታል። ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትመስላለህ አልኩት፤ አልሳቀም። ፈርቷል።

«አረጋ፣ ክፍሉን እንስጥህ ካሉኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለኝ።

እኛ ዘንድ እንግዳ ብላ ሲባል በልቻለሁ ይላል። ቢርበውም ይላል። ባለቤቱ በሞቴ ይላል፤ እንግዳው አሁንማ ምን ቦታ አለኝ ይላል፤ እንደገና በሞቴ ይባላል፣ እጁ ተይዞ ይጎተታል፣ ከዚያ ይበላል። ያለዚህ የበላ ሰው ስሙ ሆዳም ነው። በርገን የደረስሁ ሰሞን ማርግሬት እራት ትበላለህ ወይ አለችኝ፤ አይ በልቻለሁ አመሰግናለሁ አልሁ። እሺ ብላ ድስቱን ከደነች። ሽታው ፎቅ ድረስ እየተከተለኝ ጦሜን አደርሁ። አገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ይጠይቁሃል፣ የመለስኸውን ያምኑሃል። ማመናቸው አክብሮት ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣውን ሁሉ ይህን አስተምራለሁ፤ እንዲያውም አለማምዳቸዋለሁ። ከሙጃ የመጣችውን ነርስ ዳቦ ትፈልጊያለሽ እያልሁ አዎ እስክትለኝ ድረስ ደጋግሜ ጠይቄአታለሁ፤ በሦስተኛው ከሳቅና ከሐፍረት ጋር አለችልኝ።

ምስጋኑ ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያው ጥያቄው መልስ እንዳለኝ አወቅሁ። ከሁሉ የሚከብደው ብርዱ አይደለም፣ ጨለማውም አይደለም፤ በሞቴ የሚልህ ሰው አለመኖሩ ነው።

«እናትህ እንዳሳደገችህ መልስላት» አልኩት።

ማርግሬት ስክሪኑ ላይ ስትታይ ፀጉሯን አሳጥራ ነበር። ከኋላዋ ማዕድ ቤቷን አየሁት፤ ሰማያዊው ማንቆርቆሪያ አሁንም ከምድጃው ላይ ነው። ሰላም አለችኝ፤ ሰላም አልኋትና ካሜራው እንዳያየኝ ወደ ጎን ፈቀቅ አልሁ። ከምስጋኑ ጋር ስለ ጉልበቷ፣ ስለ እናቱ፣ ገብሱ ምርት ሰጥቶ እንደሆነ አወሩ። ገብስ! እኔን ስለ ገብስ ጠይቃኝ አታውቅም። ከዚያ ድምጿን አስተካክላ፣ ላይኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ እሷ ዘንድ ለመኖር ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው።

ምስጋኑ አንገቱን ደፋ። «አይ፣ አይሆንም፤ እርስዎን ማስቸገር ነው» አለ በእንግሊዝኛው።

«እሺ፣ ይገባኛል። የራስህን ቦታ ብትፈልግ ልክ ነህ» አለችው።

ድስቱ ተከደነ። ምስጋኑ ፈገግታው ሳይጠፋ ይጠብቃል፤ በሞቴዋን ይጠብቃል። እሷ ስለ በረዶ ማውራት ጀምራለች። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆሜ፣ በውስጤ የሆነ ነገር ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ። ደስታ ነበር። ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

ምክንያቱም ያን ክፍል እኔም ተጠይቄበት ነበር። ማርግሬት ገናን ውላ ስትመለስ፣ ላሊበላ አየር ማረፊያ በር ላይ፣ ሻንጣዋን ሳቀብላት ክፍልህ ባዶ ነው፣ ተመልሰህ መኖር ከፈለግህ ለኤምባሲው ወረቀቱን እጽፍልሃለሁ አለችኝ። አይ፣ አላስቸግርሽም አልኋት። በአገሬ አፈር ላይ ቆሜ፣ በአገሬ ወግ መለስሁላት። ሁለተኛውን ጠበቅሁ። እሺ፣ አንተ ታውቃለህ ብላ አቅፋኝ ገባች። አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ሁለተኛውን እጠብቅ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለምስጋኑም።

ምስጋኑ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። ግንባሩ አልቦታል። የሆነ ቃል ከእኔ ይጠብቅ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመልሶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እማማ ማርግሬት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ አይቆጠርም። ሰው እንዳይንቀኝ ብዬ ነው እንጂ መምጣቱን በጣም እፈልጋለሁ። እባክዎ እንደገና ይጠይቁኝ።»

ማርግሬት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። በዋሻው ውስጥ የሳቀችውን ሳቅ። እንደገና ጠየቀችው፤ አዎ አለ። እንዳትሳሳት ሦስተኛ ጠየቀችው፤ አዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለና የመጨረሻውን በአማርኛ ጨመረበት። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ በዓይኗ ፈለገችኝ።

«አረጋ፣ ይኼ እውነት ነው?»

ካሜራው ፊት መግባት ነበረብኝ። «እውነት ነው» አልኋት።

«ያን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር ስትኖር ለምን አልነገርከኝም?»

ተምሬው ነበር፣ የእናንተን ወግ ለምጄ ነበር አልሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር። ትንሽ አየችኝ። የምትጠይቀኝ ሌላ ነገር ያለ መሰለኝ። ምስጋኑ ግን በደስታ መካከላችን ገባ፤ የፈረመችበት ወረቀት በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጠይቃት ጀመር፤ እሷም ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

ወረቀቱ ደረሰ፣ ቪዛውም ወጣ። ምስጋኑ በነሐሴ ሄደ። ሲሰናበተኝ ያን ቀን እናትህ እንዳሳደገችህ ያልኸኝ ነው ያዳነኝ አለኝ። እናቴ መጠየቅ እንጂ ማፈር አላስተማረችኝም አለ። ምንም እንደማያውቅ አየሁ፤ ይህም አስቀናኝ። ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ላከልኝ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ወደቡ ላይ ፀሐይ ነበረች። እኔ በኖርሁበት ዘመን እንደዚያ ያለ ፀሐይ ስንት ቀን ወጥቶ ይሆን ብዬ ብዙ አሰብሁ፤ ወጥቶም እኔ አላየሁት ይሆናል።

ሰዎች አሁንም ይመጣሉ። ስለ ማኅተምና ስለ ምርመራ እነግራቸዋለሁ። ነርሷ ሄዳለች አሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ወንድማማቾችን አዎ ማለት ሳለማምድ ውዬ ከሸኘኋቸው በኋላ፣ ስልኬን አንሥቼ ለማርግሬት ጻፍሁ። ብዙ ጽፌ አጠፋሁ። የላክሁት ይህን ብቻ ነው፦

«ማርግሬት፣ አየር ማረፊያው በር ላይ የመለስሁልሽ የመጀመሪያው ነበር። ምስጋኑ ሲጨርስ ክፍሉ ባዶ ከሆነ፣ እባክሽ እንደገና ጠይቂኝ።»

ከሰዓታት በኋላ እንዳነበበችው ምልክቱ አሳየኝ። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ምስጋኑ ይጽፍልኛል፤ እማማ ሰላም ብለውሃል ይላል። ከእሷ ግን መልስ አልመጣም።