ሁለተኛዋ መልእክት

ቦጋለች ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ማክሰኞ ማታ፣ ሁለቴ መጮህ የነበረበት ስልኳ አንዴ ብቻ ጮኾ ዝም ያለ ጊዜ ነው።

ሰው በዚህ ይጠረጠራል? አዎ፣ ይጠረጠራል። ባሏ ለሜሳ የሚሠራው በጅባት ደን የዝግባና የቀረሮ ዘር ለሚያሰባስብ አንድ ፕሮጀክት ነው። በገመድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ዘር ያወርዳል፤ ሁለት ሳምንት ጫካ ይከርምና አንድ ሳምንት አምቦ ያርፋል። ጫካው ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ቢሮው መዳፍ የምታህል ብርቱካናማ መሣሪያ ሰጥቶታል። መሣሪያዋ ወሬ የምታቀብለው ለሳተላይት ነው። ቁልፏን ሲጫን እዚህ አምቦ፣ ቦጋለች ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፤ አታስቢ» የሚል መልእክት ይገባል፤ ከሥሩም ያለበትን ቦታ በካርታ የሚያሳይ ነጥብ ይመጣል። ቃላቱ ቢሮ ውስጥ አስቀድመው የጻፉለት ናቸው፤ የእሱ ድርሻ መጫን ብቻ ነው።

ለሜሳ ግን ሁልጊዜ ሁለቴ ነበር የሚጫነው። «በአንድ ማታ ስንት ጊዜ ነው ደህና የምትሆነው?» ብላ ብትቀልድበት፣ «አንዷ ለሰማዩ ግብር ናት፣ መንገድ ላይ ሊያስቀራት ይችላል። ሁለተኛዋ ያንቺ ናት» አላት። ከዚያ ወዲህ ቦጋለች የመጀመሪያዋ ስትገባ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ አትልም። እግሯን ከመርገጫው የምታነሳው ሁለተኛዋን ስትሰማ ነው።

ማክሰኞ ማታ ሁለተኛዋ አልመጣችም።

ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ነጥቧን ከፈተቻት። ነጥቧ ጫካ ውስጥ የለችም። ሸነን ከተማ፣ መሀል ሰፈር፣ የአንድ ቤት ጣሪያ ላይ ጉብ ብላለች። ሸነን ደግሞ ኔትወርክ አለ። ኔትወርክ ያለበት ከተማ የገባ ባል ለሚስቱ ይደውላል እንጂ ቁልፍ ተጭኖ አይቀመጥም። ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው።

«ጎሽ!» አለች ብቻዋን። «የሰማዩን ግብር ከፈለ፣ የእኔን ለሌላ ሰጠ።»

በማግስቱ ጠዋት ነጥቧን ለመሊካ አሳየቻት። መሊካ አጠገቧ ጨርቅ የምትሸጥ የስልጤ ሴት ናት፤ አንድ በረንዳ ሲጋሩ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዷ ከሌላዋ የምትደብቀው ነገር የለም። ስልኩን ተቀብላ ምስሉን በጣቷ አሰፋችው።

«ቆርቆሮ ቤት ነው። ግቢም አለው» አለች።

«ምን ለማለት ነው?»

«እኔ ምን እላለሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው።»

ይህን ተረት የተረተ ሰው የእጁን ያግኝ። ቦጋለች በሐሳቧ ያንን ቤት ስትሠራ አረፈደች። አጥሩን አጠረች፣ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለች፣ ውስጡም አንዲት ሴት አስቀመጠች። ልጅ እግር አደረገቻት፤ ጸጉሯንም አስረዘመችው። ልብስ ሰፊ ናትና ቀሚስም ሰፋችላት፣ ወገቡ ጠበብ ያለ። እኩለ ቀን ሲሆን ሴትዮዋን መንገድ ላይ ብታገኛት የምትለያት እስኪመስላት ድረስ አወቀቻት። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ገሰገሰች።

የቢሮው ጸሐፊ ተሬፋ ሰው ሲገባ ከኮምፒዩተሩ ቀና የማይል ኩሩ ነው። ዛሬ ግን ገና በሩ ላይ ሲያያት ብድግ አለ። ወንበር ሳበላት፤ ወንበሩንም በእጁ ጠረገላት።

«አዴ ቦጋለች! ነይ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ለሜሳ የት ነው?»

«ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ደህና ነው።»

«ሸነን ምን ያደርጋል?»

«ሸነን...» ተሬፋ መስኮቱን አየ። «አዎ፣ ዘር ሊያወርዱ ነው የገቡት።»

«ስልኩንስ ምን ነካው?»

«ባትሪው ይሆናል።»

«ሸነን መብራት የለም?»

ተሬፋ «ምሳ በልተሻል?» አላት።

ቦጋለች ደሟ ፈላ። ይህ ሰው ስለ እሷ ምሳ ተጨንቆ ያውቃል? ጓደኛውን እየሸሸገ እሷን በምሳ ሊደልል ነው። ወንድ ለወንድ! ቢሮው በሙሉ ያቺን ሴት ሳያውቃት አይቀርም፤ ምናልባትም ቤቷ ተጋብዘው በልተዋል። ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጣች።

ስትመለስ የመሊካ ሱቅ በሩ ገርበብ ብሏል። መሊካ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጉንፋን ነው።»

«እኔን ደግሞ የቢሮው ሰዎች እንደ ሕፃን ሊያባብሉኝ ፈልገው ነበር። ይሸሽጉት! እግሩን ይስበረውና...»

መሊካ ተወርውራ አፏን በእጇ ያዘቻት። «አትርገሚው! በአላህ ይዤሻለሁ፣ ቦጌ፣ አትርገሚው።»

«ጠዋት ጠርጥሪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ጠዋት ያልኩትን እርሺው።»

ቦጋለች እጇን ከአፏ ላይ አንስታ ትክ ብላ አየቻት። «አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ምን አውቃለሁ?»

«ታውቂያለሽ! ዓይንሽ ይናገራል። ስሟን ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

መሊካ ፊቷን ወደ ጨርቆቹ አዞረች። ቆየት ብላ ቦጋለች ቤት ድረስ በሳህን ምግብ ይዛላት መጣች። «እባክሽ እህል ቅመሺ» አለችና ሳትቀመጥ ወጣች። ቦጋለች ሳህኑን ከደነችው። በልጅነቷም ቢሆን እንዲህ ብዪ ብዪ ያላት ሰው አልነበረም፤ ከተማው ሁሉ አዝኖላታል ማለት ነው። በባሏ የሚታዘንላት ሴት ሆናለች ማለት ነው። አለቀሰች፣ ከንዴት።

ሲመሽ ስልኳ ጮኸ። አንዴ። ያው ቃል፣ ያው ጣሪያ።

ከስልክ ወደ መሣሪያዋ መልስ መጻፍም ይቻላል። ለሜሳ ትንንሽ ፊደል ማንበብ ስለሚያስቸግረው ጽፋለት አታውቅም። አሁን ግን ጻፈች፦ «ሁለተኛዋ የእኔ ነበረች። አሁን የማን ሆነች? የተመቸህ እዚያ ከሆነ እዚያው ቅር።» ላከችው።

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጣ እንደ እባብ ራቅ ብላ ትጠብቀው ጀመር። እራት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

«ደህና ነኝ፤ አታስቢ።»

ሁለተኛዋ! ያቺ የእሷ! ቦጋለች በመደሰቷ በራሷ አፈረች፤ ግን ተደሰተች፣ ምን ታድርግ። ቁጣዋ እንደ ወተት ግንፍል ብሎ ወረደ። ዘር ሊያወርድ ገብቶ ይሆናል፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ይሆናል፤ ተሬፋም ለካ ደግ ሰው ነው። ሴትዮዋን ከነቀሚሷ ከቤቱ አስወጣቻት፤ መጋረጃውንም አወረደች። የመሊካን ሳህን ከፍታ ጠርጋ በላች። ለስልኩ «ይቅር በለኝ፣ የእኔ ሞኝ» አለችው። ከዚያ ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ።

ለሜሳ አንዳንዴ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሳይታሰብ ይደርሳል። «ቅር ስለው መጣ!» ብላ እየሳቀች፣ ጸጉሯን እንኳ ሳትሸፍን ሮጣ ከፈተች።

ደጁ ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት፣ ጊምቢ የሚኖረው የለሜሳ ታላቅ ወንድም ዓብዲሳ አለ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ከበበው፣ ተሬፋ፣ መሊካም አሉ። ከኋላ ጫማው ጭቃ የለበሰ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ፎቶ ላይ ታውቀዋለች፤ ለሜሳን ጫካ ለጫካ የሚመራው ኦሊቃ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ቦጋለች» አለ ዓብዲሳ። እንዴት አደርሽ ብሎ መቀጠል አቃተው።

እንዲህ ሆነው በዚህ ሰዓት ለመጡ ሰዎች ሌላ ቃል አያስፈልጋቸውም። ቢሆንም ኦቦ ከበበው እየቆራረጡ ተናገሩት። ማክሰኞ ጠዋት ዝግባ ላይ ሳለ ገመዱ ተበጠሰ። ሸነን ሳይደርስ በመንገድ አረፈ። ታላቅ ወንድሙ ደርሶ አስከሬኑን እስኪያመጣ፣ መርዶው ደንብ ይዞ እስኪነገራት ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። ያ ቆርቆሮ ቤት የኦሊቃ ቤት ነው። ለሜሳ የተኛው እዚያ ነበር፣ ተገንዞ።

ከመሊካ ጋር የመጡት ሴቶች ሊይዟት ቀረቡ። ቦጋለች በእጇ ገፋቻቸው። ዓይኗ ከኦሊቃ ኪስ ብቅ ያለችው ብርቱካናማ ነገር ላይ ነበር።

«ትናንት ማታ ሁለተኛዋን ማን ነው የተጫነው?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ» አለ ኦሊቃ እያለቀሰ። «መልእክት ከቀረብሽ ትደነግጫለሽ ብዬ ነው። እሱ ገላጣ ቦታ ፈልጎ ብቻውን ነበር የሚጫነው። ሁለቴ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስትጽፊ ጊዜ ገባኝና... ተጫንኩልሽ።»

«እዚያው ቅር ብዬዋለሁ እኮ።»

«እሱ አላነበበውም። እኔ ነኝ ያነበብኩት።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ሬሳ አሰደባችሁኝ!» ብላ ጮኸች። «እያወቃችሁ! ብዪ፣ ቅመሺ፣ ደህና ነው እያላችሁ!»

መሊካ ፊቷን ሸፈነች።

ቦጋለች እጇን ዘረጋች፤ ኦሊቃ መሣሪያዋን ሰጣት። አገላብጣ አየቻት። ቁልፏ አካባቢ የዛፍ ሙጫ ደርቆባታል፤ የለሜሳ ጣት ያረፈበት ነው። ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ አንዴ ተጫነች። ሰዎቹ ምን እንደምትሠራ ሳይገባቸው ቆመው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ቤት ውስጥ አልጋው ላይ የተወችው ስልክ ጮኸ።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። ሁለተኛዋን አልተጫነችም።